ደብተርና ኳስን ማን አጣላቸው?

ይህን አስተያየት በጋራ የጻፍነው የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ነን። ከመካከላችን በወጣት ቡድን ታቅፈው የሚጫወቱ አሉ፤ በሰፈር ሜዳ ብቻ የሚሯሯጡ አሉ፤ ኳስ በቴሌቪዥን ሲታይ እንቅልፍ የሚይዛቸውም አልጠፉም። ሁላችንም ግን አንድ ዓይነት ምክር እየሰማን አድገናል። ቤት ውስጥ «ኳስ እንጀራ አይሆንም፤ ደብተርህን ያዝ» እንባላለን። ሜዳ ላይ ደግሞ «ልምምድ የቀረ አይሰለፍም» እንባላለን፤ ፈተና ነበረብኝ ማለት እንደ ምክንያት አይቆጠርም። ወላጅ አንድ ወገን፣ አሰልጣኝ ሌላ ወገን ይመስላሉ። ነገሩን ጠጋ ብለን ስናየው ግን የሚሉን አንድ ነገር ነው፤ ደብተርና ኳስ ባላንጣዎች ናቸውና ከሁለት አንዱን ምረጡ።

እኛ በዚህ አንስማማም። ኳስና ትምህርት በተፈጥሯቸው አይጣሉም፤ የሚያጣላቸው የሰው አሠራር ነው እንላለን። ለዚህ ምስክር አድርገን የምናቀርበው በፖርቱጋል አገር፣ በኮይምብራ ከተማ የሚገኘውን አካዴሚካ የተባለ ክለብ ነው። የፖርቱጋል ኳስ ሲነሳ ሰው ሁሉ ቤንፊካ፣ ፖርቶ፣ ስፖርቲንግ ይላል። አካዴሚካን የሚያውቀው ጥቂት ነው፤ ቴል አቪቭ ድረስ መጥቶ መጫወቱን የሚያስታውስ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። የክለቡ ታሪክ ድል ብቻ አይደለም፤ ውድቀትም አለበት፣ እኛን የሚቃወም ነገርም አለበት። ሁሉንም እናወራዋለን።

ኮይምብራ በሊዝበንና በፖርቶ መካከል፣ በሞንዴጎ ወንዝ ዳር፣ በኮረብታ ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ትልቅ ከተማ አይደለችም። ዝናዋ የመጣው ከኮረብታው ጫፍ ካለው ዩኒቨርሲቲ ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1290 ሊዝበን ውስጥ ተመሠረተ፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል ሲመላለስ ኖሮ በ1537 ለዘለቄታው ኮይምብራ ላይ ተቀመጠ። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) የተማሪዎቹ ማኅበር የተቋቋመው በ1887 ሲሆን፣ የእግር ኳስ ቡድኑም ከማኅበሩ ክፍሎች እንደ አንዱ ሆኖ ነው የተወለደው። ስለዚህ ቡድኑ የባለሀብት አልነበረም፣ የፋብሪካም አልነበረም፤ የተማሪዎች ነበር። ማሊያው ጥቁር ነው። የኮይምብራ ተማሪ በባህሉ ጥቁር ልብስና ጥቁር ካባ ይለብሳልና። እኛ ካባ ሲባል ሙሽራ ትዝ ይለናል፤ እዚያ ግን ካባው የተማሪነት ምልክት ነው።

ይህ የተማሪ ቡድን ምን ያህል ይጫወት ነበር ለሚል፣ አንድ ውጤት እንንገረው። በ1939 የፖርቱጋል ዋንጫ በዚህ ስሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ተዘጋጀ። ሰኔ ወር ላይ፣ ሊዝበን ውስጥ በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ አካዴሚካ ቤንፊካን 4 ለ 3 አሸነፈ። የመጀመሪያውን ዋንጫ ያነሱት ደብተር የያዙ ልጆች ናቸው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በ1951 እንደገና ለፍጻሜ ደርሰው በቤንፊካ 5 ለ 1 ተሸነፉ። ስለዚያኛው ብዙ አናወራም።

የምንመካበት ዘመን 1960ዎቹ ነው። ትልልቆቹ ክለቦች ብዙ ገንዘብ ነበራቸው። አካዴሚካ ግን ገንዘብ የማይገዛው ነገር ነበረው፤ ኮይምብራ የመጣ ልጅ በአንድ ከተማ ውስጥ ዩኒቨርሲቲም አንደኛ ዲቪዚዮንም ያገኛል። አሰልጣኙ ማሪዮ ዊልሰን ይባላል፤ ሞዛምቢክ ውስጥ ሎሬንሶ ማርኬስ፣ ዛሬ ማፑቶ በምትባለው ከተማ የተወለደ ጥቁር ሰው ነው። ከስፖርቲንግ ጋር የሊጉ ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ በ1951 ወደ ኮይምብራ መጥቶ ከአሥር ዓመት በላይ ተጫወተ፣ ከዚያም አሰልጣኝ ሆነ። በእርሱ እጅ ቡድኑ በ1966-67 የውድድር ዘመን ከቤንፊካ ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ። በዚያው ዓመት ለዋንጫው ፍጻሜም ደረሰ። ተጋጣሚው ቪቶሪያ ሴቱባል ነበር፤ መደበኛው ሰዓት አልበቃ ብሎ፣ ጭማሪውም አልበቃ ብሎ፣ በ144ኛው ደቂቃ በገባ ጎል 3 ለ 2 ተሸነፉ። አንድ መቶ አርባ አራት ደቂቃ! ከእኛ ውስጥ ዘጠናውን የጨረሰ ሰው ይህን ይረዳዋል።

አሁን ዋናውን ምስክር እንጥራ። ማኑኤል አንቶኒዮ የሚባለው አጥቂያቸው በ1968-69 በፖርቱጋል አንደኛ ዲቪዚዮን 19 ጎል አግብቶ የዓመቱ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ዩሴቢዮ በሚጫወትበት ሊግ ውስጥ ነው ይህን ያደረገው። ማኑኤል አንቶኒዮ የሕክምና ትምህርቱን ጨርሶ የካንሰር ሐኪም ሆነ፤ በኋላም የኮይምብራን የካንሰር ሕክምና ተቋም መርቷል። ቪቶርና ማሪዮ ካምፖስ የተባሉት ወንድማማቾችም በዚያው ቡድን ተጫውተው ሐኪሞች ሆነዋል። አርቱር ዦርዥ ደግሞ የጀርመን ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነበር፤ አሰልጣኝ ሆኖ በ1987 ቪየና ላይ ፖርቶን ይዞ ባየርን ሙኒክን 2 ለ 1 በማሸነፍ የአውሮፓን ዋንጫ ወሰደ። እንግዲህ ኳስ ደብተርን የሚበላ ከሆነ እነዚህን ለምን አልበላቸውም?

የሚመልሱልንን እናውቃለን። «ያ ድሮ ነው፤ የዛሬ ኳስ ሙሉ ሥራ ነው» ይሉናል። ለዚህ መልስ አለን፤ ግን ቀድሞ 1969 ይምጣ። በክፍላችን ብዙ ያከራከረን ይህ ዓመት ነውና ረዘም አድርገን እንጽፈዋለን።

በዚያን ጊዜ ፖርቱጋል በአምባገነን መንግሥት ሥር ነበረች። አገዛዙን ያቆመው ሳላዛር፣ የሚገርመው፣ ራሱ የኮይምብራ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ መምህር የነበረ ሰው ነው። በ1968 ታምሞ ሲወርድ ማርሴሎ ካኤታኖ ተተካ፤ ነገር ግን ሳንሱሩም፣ ምስጢራዊ ፖሊሱም፣ በአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ውስጥ በ1961 የተጀመረው ጦርነትም እንዳለ ቀጠለ። ኤፕሪል 17 ቀን 1969 የአገሪቱ ፕሬዚዳንት አሜሪኮ ቶማስ አዲስ የተሠራውን የሒሳብ ትምህርት ክፍል ሕንፃ ሊመርቅ ኮይምብራ መጣ። የተማሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር አልቤርቶ ማርቲንስ ተነስቶ በተማሪዎች ስም ለመናገር ፈቃድ ጠየቀ። ዕድሉን አልሰጡትም። በዚያው ሌሊት ታሰረ።

ልብ በሉ፤ ልጁ ድንጋይ አልወረወረም፣ ማንንም አልሰደበም። እጁን አውጥቶ «መናገር እችላለሁ?» ነው ያለው። እኛ በክፍል ውስጥ በቀን አሥር ጊዜ የምናደርገውን። ከዚያ በኋላ ነገሩ ተባባሰ። የማኅበሩ መሪዎች ከትምህርት ታገዱ፤ ተማሪዎቹ «የተማሪ ሐዘን» ብለው አድማ መቱ፤ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፤ ፖሊስ ከተማዋን ሞላት። ጁን ላይ ፈተና ሲመጣ አብዛኞቹ ተማሪዎች አንፈተንም አሉ። የባግሩት ፈተና ከፊታችን ለተደቀነብን ለእኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ዓመት ሙሉ የተማሩትን፣ ቤተሰብ የከፈለበትን ትምህርት፣ ለጓደኛ ብሎ መተው ማለት ነው። ከእኛ ግማሾቹ «እናደርገው ነበር» ብለዋል፤ ግማሾቹ «እናታችን በሕይወት አትተወንም» ብለዋል።

በዚህ ሁሉ መካከል ቡድኑ ያሸንፍ ነበር። ስፖርቲንግን በግማሽ ፍጻሜ አሰናብቶ ከቤንፊካ ጋር ለፍጻሜ ቀረበ። ጨዋታው ጁን 22 ቀን ሊዝበን አጠገብ ባለው ብሔራዊ ስታዲየም ሆነ። መንግሥት ጭንቅ ያዘው። ተማሪዎቹ ካሸነፉ ፕሬዚዳንቱ ዋንጫውን በእጁ ለእነርሱ ሊሰጥ ነው! ፕሬዚዳንቱ ሳይመጣ ቀረ፤ ጨዋታውም በቴሌቪዥን ሳይተላለፍ ቀረ። ተጫዋቾቹ ወደ ሜዳ የገቡት እንደ ወትሮው እየሮጡ አልነበረም፤ ካባቸውን በትከሻቸው ላይ ጥለው፣ እንደ ለቀስተኛ ቀስ ብለው እየተራመዱ ገቡ። ከተመልካቹ መካከል ነጻ ዩኒቨርሲቲ፣ የተሻለ ትምህርትና ያነሰ ፖሊስ የሚጠይቁ ጽሑፎች ተዘረጉ። ጋዜጣ የማይጽፈውን፣ ሬዲዮ የማይናገረውን ነገር በስታዲየም የተሰበሰበ ሕዝብ አነበበው።

ጨዋታው ሊያልቅ ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ሲቀር ያ የሕክምና ተማሪ ማኑኤል አንቶኒዮ አገባ። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ሲሞይስ ለቤንፊካ አቻ አደረገ። በጭማሪው ሰዓት ዩሴቢዮ ሁለተኛውን አገባና 2 ለ 1 አለቀ። ዩሴቢዮም እንደ ማሪዮ ዊልሰን የሎሬንሶ ማርኬስ ልጅ ነው። የተማሪዎቹን ዋንጫ የወሰደባቸው ሰው፣ ተማሪዎቹ ሊሄዱበት ከሚፈሩት ጦርነት አገሮች በአንዱ የተወለደ ነው። በዚህ እርሱን የሚወቅስ የለም፤ ሥራውን ነው የሠራው። ግን ያችን ጎል ስናስብ ታሪክ አንዳንዴ እንዴት እንደሚጠማዘዝ ይገርመናል።

ቅጣቱ በኋላ መጣ። ከመሪዎቹ ብዙዎቹ በግዴታ ወደ ጦር ሠራዊት ተላኩ። በዚህ ላይ በክፍላችን ከባድ ክርክር ተነስቷል። ከእኛ አብዛኞቻችን አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስንጨርስ ወደ ሠራዊት እንገባለን፤ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን አገልግለዋል፤ በቤታችን የደንብ ልብስ ለብሰው የተነሱት ፎቶግራፍ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ስለዚህ አንዳንዶቻችን «ሠራዊት እንዴት ቅጣት ይሆናል?» ብለው ተከራከሩ። ሌሎቻችን የመለስነው እንዲህ ነው፤ ሁሉም በተራው የሚሄድበት አንድ ነገር ነው፤ አፉን የከፈተ ተማሪ ብቻ ተመርጦ ከወንበሩ ተነስቶ የሚላክበት ሌላ ነገር ነው። እንዲህ ሲሆን ለሠራዊቱም ስድብ ነው። ክርክሩ አላለቀም፤ ደወል ነው የለየን። አልቤርቶ ማርቲንስ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ከ2009 እስከ 2011፣ የአገሩ የፍትሕ ሚኒስትር ሆነ።

«ስፖርትና ፖለቲካ አይቀላቀሉም» የሚሉ አሉ። እኛ የምንለው ይህ ነው፤ እነዚያ ተጫዋቾች ፖለቲካን ከውጭ አምጥተው ሜዳ ላይ አልጨመሩም። የተዘጋው የራሳቸው ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የታሰረው የራሳቸው ጓደኛ ነው፤ የቀረው የራሳቸው ፈተና ነው። ካባውን አውልቀው ምንም እንዳልሆነ ቢጫወቱ ኖሮ ያ ነበር ማስመሰል የሚሆነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ለክርክራችን የማይመች ነው። ኤፕሪል 25 ቀን 1974 አብዮት ሆነ፤ አምባገነኑ መንግሥት ወደቀ። ተማሪዎቹ የለመኑት ነጻነት መጣ። በዚያው ዓመት የተማሪዎች ማኅበሩ ራሱ የእግር ኳስ ክፍሉን ዘጋ። ምክንያታቸው እንደ ተራ ነገር የሚጣል አይደለም፤ ኳሱ እየቆየ ሙያና ገንዘብ ሆኗል፣ ይህ የተማሪ ማኅበር ሥራ አይደለም የሚል ነበር። ተጫዋቾቹና ደጋፊዎቹ ክለብ አካዴሚኮ ደ ኮይምብራ የሚባል ሌላ ክለብ አቁመው ቀጠሉ። አሥር ዓመት ቆይቶ በ1984 ስምምነት ተደረገና ቡድኑ በአሮጌው ስሙ ተመለሰ፤ ሆኖም ራሱን የቻለ አካል ሆኖ ነው፤ ስሙ የተማሪዎቹ፣ ኪሱና አስተዳደሩ የራሱ።

በእኛ አስተያየት ያ የ1974 ውሳኔ ትክክል አልነበረም። አምባገነኑ ሊለያያቸው ያልቻለውን ደብተርና ኳስ ተማሪዎቹ በገዛ ስብሰባቸው አፋቷቸው። ገንዘብ ገብቶ ነገሩን ካበላሸው፣ ገንዘቡን በልክ ማድረግ ይቻል ነበር፤ ተጫዋቹ ይማር፣ ያልተማረ አይሰለፍ ብሎ ደንብ ማውጣት ይቻል ነበር። እነርሱ ግን አሰልጣኞቻችን እንደሚሉን ከሁለት አንዱን መረጡ። ከመካከላችን ሁለት ልጆች በዚህ አይስማሙም። «ደንብ ቢያወጡ ኖሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ታች ይወርዱ ነበር፤ ሌሎቹ የሚከፍሉት ለሙያተኛ ነው» ይላሉ። ሐሳባቸው እንዲጻፍላቸው ጠይቀዋል፤ ጽፈናል።

እውነት ነው፣ ገንዘቡ ከባድ ነገር ነው። በፖርቱጋል ሊግ ታሪክ ከሊዝበንና ከፖርቶ ከተሞች ውጭ የሆነ ክለብ ሻምፒዮን ሆኖ አያውቅም። ከሦስቱ ትልልቆች ሌላ ያሸነፉት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ቤሌኔንሴስ በ1946፣ ቦአቪስታ በ2001። እነርሱም አንዱ የሊዝበን፣ አንዱ የፖርቶ ነው። በክፍለ ሀገር ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ልቡን ለቤንፊካ ይሰጥና ለከተማው ቡድን የተረፈውን ይሰጣል። የቴሌቪዥኑንም ገንዘብ እያንዳንዱ ክለብ ለብቻው ሲደራደር ስለኖረ ትልቁ ብዙ፣ ትንሹ ፍርፋሪ ይደርሰዋል። በ2021 የወጣ ሕግ እስከ 2028-29 የውድድር ዘመን ድረስ መብቱ በጋራ መሸጥ እንዲጀምር ያዛል፤ ሕጉ ለትንንሾቹ እውነተኛ ጥቅም ያመጣ እንደሆነ በዚያን ጊዜ ይታያል።

ስታዲየምም ሌላ ጣጣ ነው። ለ2004 የአውሮፓ ዋንጫ ሲባል የኮይምብራ ስታዲየም 30,000 ያህል ሰው እንዲይዝ ሆኖ ተሠራ። ሁለት የምድብ ጨዋታዎች ተደረጉበት፤ እንግሊዝ ስዊዘርላንድን 3 ለ 0፣ ፈረንሳይም ስዊዘርላንድን 3 ለ 1 አሸነፉ። እንግዶቹ ሄዱ፤ ባዶው ወንበር ቀረ። እንደ ኮይምብራ ሁሉ አዲስ ስታዲየም የተሠራላቸው የሌይሪያና የአቬይሮ ክለቦችም ከዚያ በኋላ የባሰ አዩ። ዩኒያኦ ደ ሌይሪያ ደመወዝ ያልተከፈላቸው ተጫዋቾቹ ጥለውት ስለሄዱ፣ በኤፕሪል 2012 በአንደኛ ዲቪዚዮን ጨዋታ ስምንት ሰው ብቻ አሰለፈ። የአቬይሮው ቤይራ ማር በ1999 የፖርቱጋል ዋንጫን ያነሳ ክለብ ነው፤ በ2015 ዕዳው ጥሎት ከአውራጃ ውድድር እንደገና ጀመረ። ድግስ ተደግሶ እንግዳው ሲሄድ ዕዳው የሚቀረው ለባለቤቱ ነው፤ ይህን ወላጆቻችን ከእኛ የበለጠ ያውቁታል።

አካዴሚካ ግን በዚያው በ2012 አንድ ጊዜ ቀና አለ። በዋንጫው ውድድር ፖርቶን 3 ለ 0 አሰናበተ፣ ለፍጻሜም ደረሰ። ሜይ 20 ቀን፣ በዚያው በ1969ኙ ስታዲየም፣ ማሪንሆ በአራተኛው ደቂቃ ያገባት ጎል እስከ መጨረሻው ጸንታ ስፖርቲንግን 1 ለ 0 አሸነፉ። ከ1939 በኋላ 73 ዓመት ጠብቀው! ይህ ቡድን እንደ ድሮው የተማሪ ቡድን አልነበረም፤ ሙያተኞች ናቸው። የተማሪ ድል ነው ብለን አንዋሽም። ነገር ግን አንድ አሮጌ የኮይምብራ ሐኪም በዚያ ምሽት ምን እንደተሰማው መገመት አያቅተንም።

በዚህ ዋንጫ ምክንያት ነው ወደ እኛ አገር የመጡት። በ2012-13 የአውሮፓ ሊግ ምድብ ውስጥ አካዴሚካና ሃፖኤል ቴል አቪቭ አብረው ደረሱ። ኦክቶበር 4 ቀን ኮይምብራ ላይ 1 ለ 1 ወጡ፤ ዲሴምበር 6 ቀን ቴል አቪቭ ላይ ሃፖኤል 2 ለ 0 አሸነፈ። ያም ሆኖ በምድቡ መጨረሻ አካዴሚካ ሦስተኛ፣ ሃፖኤል አራተኛ ሆኑ። ምክንያቱም አካዴሚካ በኖቬምበር አትሌቲኮ ማድሪድን፣ የዚያን ዋንጫ ባለቤት፣ ኮይምብራ ላይ 2 ለ 0 አሸንፎ ነበር። በክፍላችን ያሉት የሃፖኤል ደጋፊዎች ይህ አረፍተ ነገር እንዲወጣ ጠይቀዋል፤ አላወጣነውም።

ከዚያ በኋላ ቁልቁል ነው። በ2016 ከአሥራ አራት ተከታታይ ዓመታት በኋላ ከአንደኛ ዲቪዚዮን ወረዱ። በ2022 ከሁለተኛውም ወረዱና በታሪካቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በሦስተኛው እርከን ተጫወቱ። ዋንጫ ካነሱ ልክ አሥር ዓመታቸው ነው። አንዳንድ ሰው ይህን አይቶ «ይኸው፣ የእናንተ ምስክር ወደቀ» ይለናል። እኛ ግን የወደቀው ሙያተኛው ክለብ ነው፣ ከደብተሩ የተፋታው፤ ደብተር ይዞ የሚጫወተው ቡድን በወርቅ ዘመኑ ሁለተኛ ወጥቷል ብለን እንመልሳለን። መውረዱ ሁሉ ከ1974 የመጣ ነው አንልም፤ ገንዘቡንም ስታዲየሙንም ቆጥረናል። ሆኖም አንድ ትንሽ ክለብ ከትልልቆቹ ጋር በገንዘብ ሊወዳደር አይችልም። በእጁ ያለው ሌላው የሌለው ነገር ነው፤ እርሱን ሲለቅ ባዶ እጁን ይቀራል።

አሁን ቀድመን ወዳቆየነው መልስ እንመለስ። «የዛሬ ኳስ ሙሉ ሥራ ነው» ላላችሁን፦ ለጥቂቶቹ አዎን። እኛ ግን የአሥራ ስድስትና የአሥራ ሰባት ዓመት ልጆች ነን። ከወጣት ቡድኖቻችን አብዛኛው ልጅ ሙያተኛ እንደማይሆን አሰልጣኞቹ ራሳቸው ያውቃሉ። ታዲያ ለአንድ ልጅ ዕድል ሲባል አሥራ ዘጠኙ ለምን ደብተሩን ይጥላል? ወላጆቻችን ደግሞ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይሉናል። እኛም ከእነርሱው የሰማነውን እንመልስላቸዋለን፤ «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ያላችሁን እናንተው ናችሁ። የካምፖስ ወንድማማቾች ሁለት ባላ ተክለው ነበር። ጉልበት ሲደክም ስቴቶስኮፑ ቀረላቸው።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የወጣት ቡድኖች አሰልጣኞች በዓመቱ መጀመሪያ የባግሩት ፈተናዎችን ቀን ከትምህርት ቤቱ ይቀበሉ፤ በፈተናው ሳምንት የልምምዱን ሰዓት ይቀንሱ። ለፈተና ብሎ ልምምድ የቀረ ልጅ በሚቀጥለው ጨዋታ ተቀጥቶ ወንበር ላይ አይቀመጥ። ትምህርት ቤቱም የሒሳብ ማጠናከሪያውን ልምምድ ባለበት ሰዓት ላይ አያስቀምጥ፤ በዚህ ዓመት በሳምንት ሁለት ቀን ተጋጭቶብናል። ወላጆቻችንም ቢያንስ አንድ ጨዋታ መጥተው ይዩን፤ ውጤት ባናመጣ እንኳ ቡና አፍልተን እንቀበላቸዋለን። ይህንኑ ዝርዝር በአማርኛና በዕብራይስጥ ጽፈን ለሚመለከታቸው ሰጥተናል። መልሱን እየጠበቅን ነው።